በአክስቴ መንደር ያስተረጎምኩት ስብሰባ

ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ችሎት ውስጥ ጌዴኦኛ ተናጋሪው ያለውን በአማርኛ ለዳኛው፣ ዳኛው በአማርኛ ያሉትን በጌዴኦኛ ለባለጉዳዩ ማድረስ። ኦሮምኛም እችላለሁ፤ ሲዳምኛ ለሰላምታና ለገበያ ያህል አላጣም። ጡረታ ስወጣ በቦታዬ ሰው አልተቀጠረም። ዛሬ ከዳኞቹ ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ ባለጉዳዩን በራሱ ቋንቋ ያዳምጡታል። መሆን የነበረበትም እንዲህ ነው፤ አልከፋኝም። ብቻ ሥራው ከእኔ ጋር አብሮ ጡረታ ከወጣ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበረና ምን እንዳስከፈለኝ የሚናገር ሰው አይኖርም ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ እናቴ የጌዴኦ ልጅ። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው። አባቴ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ይመላለስ ስለነበር የሚያሳድገኝ ሰው አጣና ለእናቴ ታናሽ እህት ሰጠኝ። አክስቴ ዳማ የምትኖረው ከዲላ ወጣ ብሎ ባለ ተዳፋት ላይ ነበር። የመንደሩን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። እዚያ ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሆኖ ነው የሚያድገው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቤት መኖሩ የሚታወቀው ጭስ ሲወጣ ነው።

ጌዴኦኛን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እንሰት በየዕድሜው ስም አለው፤ ለጋውን በጎረምሳው ስም ስጠራው ሥራዋን አቁማ ትስቅና በትክክል እስክለው ድረስ ደጋግማ ታስብለኛለች። ስሜ ዘይነባ ነው፤ እሷ ግን ዘይኔ ነበር የምትለኝ። አባቴ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲወስደኝ አማርኛ ከእኩዮቼ ሁሉ ያነሰ ነበር የማውቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ አክስቴ እመለሳለሁ። ካደግሁም በኋላ፣ ካገባሁም በኋላ፣ ልጆቼን ይዤም ቅዳሜ ማለት አክስቴ ዳማ ቤት ማለት ነበር።

የተቀጠርኩት ፍስሐ ገነት ነው፣ በወረዳው ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አቅራቢ ሆኜ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ጋሽ ጅግሶ ይባሉ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው። አንድ ቀን ታመው ሲቀሩ ጌዴኦኛ እንደምችል የሚያውቁት ዳኛ ከመዝገብ ቤት አስጠርተው አቆሙኝ። ጋሽ ጅግሶ ድነው ሲመለሱ ወደ መዝገብ ቤት አልመለሱኝም፤ አጠገባቸው አቆሙኝ።

ችሎት ከመጀመሩ በፊት ከባለጉዳዩ ጋር ሄደው ይቀመጣሉ። ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አይጠይቁትም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ላም ወልዳ እንደሆነ ይጠይቁታል። የሰውየውን አነጋገር ለመልመድ ነው፤ የቱን ቃል እንደሚውጥ፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ ይል ወይም ዝቅ ይል እንደሆነ ለማወቅ። ችሎት ሲገባ ደግሞ ዳኛውንም ባለጉዳዩንም አያዩም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት። የማያውቁት ቃል ሲመጣ ሳያፍሩ «ክቡር ዳኛ፣ ይህን ቃል አላውቀውም፤ ጠይቄ ልምጣ» ይላሉ። ሥራ ሲያልቅ ከግቢው ቧንቧ ውሃ ዘግነው አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይተፉታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የሰው ጉዳይ አፋቸው ውስጥ እንዳያድር ብለው ነገሩኝ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም ግን ለመድኩት።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ «እኔ» ማለትን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ጎረቤታቸውን መትተዋል ተብለው የተከሰሱ አንድ ሽማግሌ በወጣቱ ዳኛ ተናደው፣ አንተ ትናንት የተወለድክ ልጅ አባትህን የሚያህል ሰው አቁመህ ታንጓጥጣለህ ወይ አሉት። እኔ ደነገጥኩና «በዕድሜ እንደሚበልጡዎት ተናገሩ» ብዬ አለፍኩት። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ጋሽ ጅግሶ ቆም አሉ።

«ንዴቱን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

«ዳኛው እንዳይቀየሙ ብዬ ነው» አልኩ።

«ንዴቱ የአንቺ አይደለም። ከሰውየው ተቀብለሽ ለራስሽ አስቀረሽው ማለት ነው። ደግሞም ‘አሉ፣ ተናገሩ’ አትበይ። እንደዚያ ካልሽ ዳኛው የሚያዩት አንቺን ነው። ‘እኔ’ በይ፤ ያኔ አንቺን ይረሱሽና እሱን ያዩታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ በእኔ አፍ «እኔ» ሆነ። ሚስቱን የፈታው እኔ ነኝ፤ የተፈታችውም እኔ ነኝ። ሰርቄአለሁ፣ አልሰረቅኩም፣ ልጄን ገደሉብኝ ብዬአለሁ። ዳኛ ሲናገሩ ደግሞ በጌዴኦኛ «ጥፋተኛ ሆኖ አግኝቼሃለሁ» የምለው እኔው ነኝ። ሰው ይለምደዋል። ቤት ገብቶ ራት ይበላል።

ከፍስሐ ገነት ወደ ይርጋጨፌ ተዛወርኩ። እዚያ ሥራውን ወደድኩት። አስተርጓሚነት ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ያየሁት ከባንኮ ጎቲቲ በመጡ ሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ነው። የተጣሉት ስለ ቡና ማሳ ድንበር ነበር። ታላቁ ሲናገር ስለ ድንበሩ ብዙም አላወራም። ወንድሙ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲገፋ እያየ ዝም ያለው አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ ታናሽህን አደራ ስላሉት እንደሆነ፣ አሁን የከሰሰው ግን ወንድሙ የአባታቸውን ስም ጠርቶ ስለሰደበው እንደሆነ ነው የተናገረው። ሲያቆም አቆምኩ፣ ሲጀምር ጀመርኩ፤ ድምፁ ሲሰበር የእኔም ድምፅ ተሰበረ፣ ሆን ብዬ አልነበረም። ከጎጃም የመጡት ዳኛ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ጉዳዩን ለሽማግሌዎች መለሱት። በቀጠሮው ቀን ሁለቱም አብረው መጥተው ክሱን አነሡ። ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ እኔን አመሰገኑ። ቃሉ ሳይጎድል ከደረሰ ፍርዱም እንደዚያው ሳይጎድል ይመጣል ብዬ ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው። ለረዥም ጊዜም አመንኩ።

ዲላ ስዛወር አለቃዬ የችሎቶቹ ሬጅስትራር አቶ ሙሉጌታ ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ተዛንፎ ማየት የማይወዱ፣ ግን ለሠራተኛ የሚያዝኑ ሰው። አንድ ጠዋት ጠርተው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለነዋሪዎች ስብሰባ አስተርጓሚ ለምኖናልና አንቺ ሂጂ አሉኝ። መንደሩን ሲነግሩኝ የአክስቴ መንደር ነው። የስብሰባውን ጉዳይ ጠየቅኋቸው፤ «ስለ ልማት» ከመባሉ ሌላ እሳቸውም አያውቁም። አክስቴ እዚያ ትኖራለችና ሌላ ሰው ቢሄድ ይሻላል አልኩ።

«ስብሰባ ነው እንጂ ክርክር አይደለም» አሉኝ። «አንቺ ካልሄድሽ ቋንቋውን ግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሄደው። ለአክስትሽስ ማን ቢነግራት ይሻላል?»

እሺ ብዬ ወጣሁ።

ጉዳዩን የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ኃላፊ ዮናስ የሚባል ትሑት ወጣት ነበር፤ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ የሚናገረውን አስቀድሞ አነበበልኝ። ተዳፋቱ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ጥቅም ይወሰዳል። አንድ ባለሀብት ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ሎጅ ይሠራበታል። ነዋሪዎቹ በላዩ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ያገኛሉ፤ ቡናቸውን ለቅመው ይለቃሉ። እኔ የቸኮልኩት ለቃሉ ነበር። «የሕዝብ ጥቅም» የሚለውን በጌዴኦኛ ምን ልበለው? ችሎት ውስጥ ስለ መሬት ሲወራ ሕጉ ይዞታ ሌላ፣ ንብረት ሌላ ብሎ ይለያል፤ የመንደሩ ሰው ግን ሲናገር መሬቱን፣ እንሰቱን፣ ቤቱን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። ይህንን ሁሉ ከዲላ እስከ መንደሩ ባለችው አጭር መንገድ መፍታት ነበረብኝ። ለአክስቴ ምን እላለሁ የሚለውን ያሰብኩት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።

ሰው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ነበር። ቡናው መቅላት የጀመረበት ወቅት ነው። አክስቴ ዳማ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ከስብሰባው በኋላ ቤት ግቢ የሚል ምልክት በእጇ ሰጠችኝ። ዮናስ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠና ጀመረ። እኔም እንደለመድኩት ራቅ ያለ ዛፍ መርጬ ዛፉን እያየሁ ንግግሩን ተከተልኩ።

«እኛ ይህን መሬት ለሕዝብ ጥቅም እንፈልገዋለን» አልኩ። «ቡናችሁን ከለቀማችሁ በኋላ ትለቃላችሁ።»

በዚያው መንደር ጌዴኦኛ ነው የተናገርኩት፣ በአክስቴ አነጋገር፣ እሷ ቃሉን በምትጎትትበት እየጎተትኩ። ሌላ አነጋገር አላውቅም። ዛፉን እያየሁ ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

ቦኮ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ከበቅሏቸው ላይ አስቀምጠውኛል። ሕዝብ የምትሉት ማንን እንደሆነ ንገሩን አሉ። ዮናስ፣ ሕዝብ ማለት ሁላችንም ነን፣ እናንተም ናችሁ አለ። እኔም ይህንኑ አልኩ። አቶ ቦኮ ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው እኛ ከቤታችን የምንነሣው ለራሳችን ጥቅም ነው ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በማሾፍ አልነበረም፤ ሊገባቸው ፈልገው ነው። ዮናስ ልጆቻቸው ሥራ እንደሚያገኙ፣ መንገዱ እንደሚሠራ፣ መብራት እንደሚገባ ረጋ ብሎ አስረዳ። ውሸት እየተናገረ አልነበረም፤ የሚያምንበትን ነው የተናገረው። እኔም በእሱ እምነት ልክ ተናገርኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ዮናስን ሳይሆን እኔን አየች፤ የሆነ ነገርም አለች። ዮናስ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ። የሚነገረው ሁሉ መተላለፍ አለበት። ግን እንዴት አድርጌ «እኔ» ልበለው?

«‘አንቺ የዳማ ልጅ አይደለሽም ወይ?’ ብላ ጠየቀችኝ» አልኩት።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ «ብላ» ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ዮናስ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ስብሰባው ሲበተን ወደ አክስቴ ሄድኩ። ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። በጌዴኦኛ፣ እኔም ገና መንገድ ላይ ነው የሰማሁት፣ ቃሉ የእኔ አይደለም አልኳት። አዳመጠችኝና በአማርኛ መለሰችልኝ።

«ገባኝ። ሁሉም ገብቷል። አሁን ሂድ፤ መኪና ይጠብቅሃል።»

አማርኛዋ ገበያ ላይ የለመደችው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። ከእኔ ጋር ግን ከተወለድኩ ጀምሮ በአማርኛ አውርታ አታውቅም። እንደገና በጌዴኦኛ ተናገርኩ። እንደገና በአማርኛ መለሰች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋም አልተለወጠም። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም ወደ መኪናው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። «ግባ» አለችኝ፣ «ተቀመጥ»፣ «ብላ»። እንግዳ የሚቀመጥበትን በርጩማ አቀረበችልኝ። ድሮ እዚያ ቤት ስገባ በርጩማ የሚያቀርብልኝ ሰው አልነበረም፤ ገብቼ ከመደቡ ላይ ጋደም እል ነበር። የአስተርጓሚ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ለምን «እኛ» እንዳልኩ ሁሉን አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «አንተ የመንግሥት ሥራ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ።» ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። መሄዴን አልተውኩም፤ እሷም ግባ ማለቷን አልተወችም።

አንዳንዶቹ ነዋሪዎች ወደ ችሎት መጡ፤ አክስቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ለዳኛው ዝምድናዬን ተናግሬ ከጉዳዩ ወጣሁ፤ ደንቡ ነው። በእኔ ቦታ የተተካው ገልገሎ የሚባል ባልደረባችን ነበር፤ የጉጂ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ ጌዴኦኛን ግን በሥራና በገበያ ነው የለመደው። ጥሩ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲያስተረጉም አዳመጥኩ።

ዳኛው ይህ ችሎት የሚመለከተው የካሳውን ግምት ብቻ እንደሆነ አስረዱ። አክስቴ ተራዋ ደርሶ ስትቆም በግምቱ ላይ ያላትን ቅሬታ ጠየቋት። እሷም፣ ስለዚያ ብር እኔ አፌን አልከፍትም አለች። በጌዴኦኛ ስትለው ለሰሚው ግልጽ ነው። ብሩን አልነካውም፣ ስሙንም አልጠራውም፣ ስለ ሌላ ነገር ጠይቁኝ ማለቷ ነው። ገልገሎ ግን «ስለ ካሳው የምናገረው የለኝም» አለ። ዳኛውም ለጸሐፊዋ፣ አመልካች በካሳው ላይ ቅሬታ እንደሌላት ገልጻለች ብለው ማስጻፍ ጀመሩ።

ሳላስበው ቆሜ ነበር። «ክቡር ዳኛ፣ እንደዚያ አላለችም» አልኩ።

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። ለዓመታት አብረን ሠርተናል። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ዛሬ አስተርጓሚ አይደሉም» አሉኝ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። አክስቴ ወደኋላ ዞራ አላየችኝም።

ከችሎት በኋላ ገልገሎን ይዤ የዳኛው ቢሮ ገባሁ። ገልገሎ አልተከራከረኝም፤ ገና ስነግረው፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያልያዝኩት ብሎ ራሱ ተናገረ። ዳኛው መዝገቡን አስመጥተው ቃሉን አስተካከሉት፣ ለተቃራኒው ወገንም እንዲነገር አደረጉ። እኔ አመስግኜ ልወጣ ስል አስቆሙኝ።

«ቃሉን አስተካክለነዋል» አሉ። «ግን ልደብቅዎት አልፈልግም። መሬቱ ይወሰድ አይወሰድ የሚለው እኔ ዘንድ አይታይም፤ ሥልጣኑ የለኝም። እኔ ማየት የምችለው ግምቱን ነው። እሷ ደግሞ ስለ ግምቱ አልናገርም ብላለች። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይወስኑ ነበር?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሹ ነበር። የአክስቴ ቃል አንድም ሳይጎድል ዳኛው ዘንድ ደርሷል፤ እሳቸውም ሰምተውታል፣ ገብቷቸዋል፣ አዝነዋልም። ከዚያ ወዲያ ግን የሚሄድበት ቦታ የለም። ጋሽ ጅግሶ ይህን አላስተማሩኝም፤ ምናልባት በእሳቸው ዘመንም ነበረና መናገር አልፈለጉም ይሆናል። በሥራዬ ወደቅሁ የምለው ያን ቀን ነው፤ ያለ ስህተት ሠርቼ።

አክስቴ ውጭ ቆማ ነበር። የሆነውን ሁሉ በጌዴኦኛ ነገርኳት። «አለቀ?» አለችኝ በአማርኛ። አለቀ አልኳት።

ቡናው ተለቀመ። ቤቷን ልጇ በረከት አፈረሰው። በይርጋጨፌ ሐገረ ማርያም መስመር የመኪና ረዳት ሆኖ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለእኔ ፊቱን አዙሮብኝ አያውቅም። ባሌ የጭነት መኪና ለምኖ አመጣ። እኔና በረከት ግድግዳውን፣ በሩን፣ የእህል ማስቀመጫውን ስንጭን አክስቴ እንሰቶቹ መሃል ገብታ ነበር። ያልደረሱትን ትታ የደረሱትን መቁረጥ ነበረባት፤ እሷ ግን የምትቆርጠውን ስትመርጥ ቆይታ አንዱንም ሳትቆርጥ ወጣች። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሌሎቹም በየአቅጣጫው ሄዱ፤ አንዱ ዘመድ ጋ ወናጎ፣ አንዱ ከተማ ኪራይ ቤት። አቶ ቦኮ ልጃቸው ጋ ሄደው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ለቀብራቸው አልደረስኩም።

አክስቴ በምትክ በተሰጣት ቦታ ላይ ትንሽ ቤት ሠራች። ግቢው ጠባብ ነው፣ አፈሩም ድንጋያማ። የተከለችው እንሰት ቶሎ የሚደርስ አይደለም። በሕይወቷ ቆጮ ገዝታ የማታውቅ ሴት ገበያ ወጥታ ቆጮ ስትገዛ አየኋት። ደግሞ ስትመርጥ ነበር ያየኋት፤ ሽታውን፣ ቀለሙን፣ የተጠቀለለበትን ቅጠል። ሻጯ ሰለቻትና ትገዢያለሽ ወይስ አትገዢም አለቻት። እንዳታየኝ ብዬ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ሎጁ ተሠራ። እንደ ብዙዎቹ የባለሀብት ቦታዎች ታጥሮ አልቀረም፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ጣሪያው ሣር ነው፣ በየመንገዱ አበባ አለ፣ ትልልቆቹን ዛፎች አልቆረጧቸውም። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይደረግበታል። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሽኝት ምሳ ያዘጋጀልኝ እዚያ ነው። ባልደረቦቼ ክብር ይገባታል ብለው በከተማው አለ የተባለውን ቦታ መርጠው ነው፤ ቦታው የአክስቴ መንደር እንደነበረ ከአቶ ሙሉጌታ፣ ከዳኛውና ከገልገሎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አቶ ሙሉጌታ ቀድመውኝ ጡረታ ወጥተዋል፣ ዳኛውና ገልገሎም ተዛውረዋል። እንቢ ብል ለማን ምን ብዬ አስረዳለሁ? ሄድኩ። ስለ ትጋቴ ተነገረ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ተጨበጨበ። ምግብ ያቀረበችልን ልጅ ጎንበስ ብላ በጌዴኦኛ፣ እትዬ፣ ጎመን ልጨምርልሽ አለችኝ። የአቶ ቦኮ የልጅ ልጅ ናት። ሥራ ታገኛላችሁ ብዬ ከተናገርኩት ውስጥ ይህኛው እውነት ሆኗል። ጨምሪልኝ አልኳት። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በረከት ደወለ። እናቱን ሆስፒታል አምጥቷት እሱ ግን ጉዞ ላይ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹ የምትለው እንዳልገባቸው ነገረኝ። ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። በጣም ከስታለች፤ ስትተነፍስ ትከሻዋ ይነሣል። ሐኪሟ ከሰሜን የመጣች ወጣት ሴት ናት። ጌዴኦኛ እንደምችል ስነግራት ደስ አላት፤ እዚያው መጠየቅ ጀመረች። አክስቴም ለሐኪሟ በጌዴኦኛ መለሰች። ስንት ዓመት ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ አልነበረም፤ ግን በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

«መተንፈስ ያቅተኛል» አልኩ። «ጋደም ማለት አልችልም፤ ተቀምጬ ነው የማድረው።»

ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች።

«ቤቴን ከለቀቅሁ ጀምሮ።»

ሐኪሟ ዛሬ ጠዋት ማለቷ ነው ወይ አለች። ጥያቄውን ለአክስቴ አደረስኩ። አክስቴ አይደለም አለች፤ ሌላም አልጨመረችም። ሐኪሟ ደረቷን አዳመጠች፣ እግሯን ተጭና እብጠቱን አየች። ልቧ ደክሟል፣ መተኛት አለባት አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ከመመለሴ በፊት አክስቴ ምን እንደተጠየቅሁ ማወቅ ፈለገች፤ ባለጉዳይ ሁሉ እንደሚያደርገው በዓይኗ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልቸኮለችም። በጌዴኦኛ መለሰች፣ ወደ ሐኪሟ እያየች፤ እኔም ለሐኪሟ በአማርኛ ነገርኳት።

«አስተርጓሚ ናት።»

ሐኪሟ፣ እንግዲያው አስታማሚ የሚሆን ቤተሰብ ይጠራላት አለች። እኔ እሆናለሁ አልኩ። ይህን ለአክስቴ አልተረጎምኩላትም።

እስክትወጣ ድረስ አብሬያት ቆየሁ። እግሯን አጠብኩ፣ ፀጉሯን አበጠርኩ፣ ከቤት ያመጣሁትን ቆጮና ጎመን በትንሽ በትንሹ አጎረስኳት። አልከለከለችኝም። የምታጎርሳት ማን እንደሆነች የማታውቅ ትመስል ነበር እንዳልል፣ አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ክንዴ ላይ ታሳርፋለች። እኔ በጌዴኦኛ አወራለሁ፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ። እሷ በአማርኛ «እሺ» ትላለች፣ «ይበቃል» ትላለች፣ «ውሃ» ትላለች። የጎረቤት አልጋ ሴትዮ ልጅሽ ናት ወይ ብላ ስትጠይቃት ሰምቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

ስትወጣ በረከት ባጃጅ ይዞ መጣ። ደግፈን አስገባናት፤ ጋቢዬን አውልቄ ጉልበቷ ላይ አለበስኳት። መድኃኒቱን ለበረከት አስረድቼ ወደ ኋላ ልል ስል እጄን ያዘችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ እንደፈለገች አየሁ፤ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኋት።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ።

በአማርኛ ነው፣ ምንም ሳትሳሳት። አክስቴ ዳማ አሳድጋኛለች፤ ስንት እንጨት ለቅሜላታለሁ፣ ስንት ውሃ ቀድቼላታለሁ፤ አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም። በእኛ ቤት የሚመሰገነው የውጭ ሰው ነው። ምንም አይደል አልኳት፣ እኔም በአማርኛ፤ እጇን ወደ ጋቢው መለስኩና ባጃጁ ተነሣ።